የአንዲት ደቂቃ ዋጋ

ልጆች ሆይ፥ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ የሄደ ሰው ላምበረትን ያውቃል። በዚያ የክፍለ ሀገር አውቶቡሶች መናኸሪያ አለ። መንገደኛው ከማለዳ ጀምሮ ጓዙን ተሸክሞ ይጣደፋል፤ የታክሲ ረዳቶችም ይጣራሉ። ከትልቁ መንገድ ወደ ሰሜን የሚገቡት ጠባብ መንገዶች ግን የሰፈር መንገዶች ናቸው። ልጆች በእነርሱ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ሽማግሌዎች በደጃፋቸው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሴቶችም ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ይወርዳሉ። ሸክም ያጐበጣት ሴት አንገቷን አዙራ ከኋላዋ የሚመጣውን ለማየት አትችልም።

እንዲህ ባለ መንገድ ላይ መኪና ሲከንፍ ነዋሪዎች ያማርራሉ። ይህም ምሬት በአዲስ አበባ በብዙ ሰፈር የሚሰማ ነው። አንዳንድ ሹፌር ግን፥ «ሥራ አለብኝ፤ ቀስ ብል ጊዜዬ ይባክናል» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ የሁለቱን ነገር በሒሳብ እንመርምር።

የመንገዱ ርዝመት 1 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። መኪናው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ መንገዱን በ2 ደቂቃ ይጨርሳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ደግሞ በ1 ደቂቃ ይጨርሳል። ስለዚህ የጥድፊያው ትርፍ በሙሉ አንዲት ደቂቃ ናት። እርስዋም ብዙ ጊዜ በትልቁ መንገድ በመኪናዎች ሰልፍ መካከል ቆሞ ሲጠብቅ ትጠፋለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ስለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ የዚህችን ደቂቃ ዋጋ እንቍጠር። ከመኪናው ፊት 20 ሜትር ርቆ አንድ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ወደ መንገድ ገባ እንበል። ሹፌሩ አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በ30 የሚነዳው በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ይሄዳል፤ ፍሬን ከያዘ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ 6 ሜትር ያህል ተጐትቶ ይቆማል። ድምሩ 14 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሕፃኑ ይተርፋል። በ60 የሚነዳው ግን ገና ፍሬኑን ሳይነካ 17 ሜትር ሄዷል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና፥ ለመቆም ሌላ 24 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ሕፃኑ ጋ የሚደርሰው ፍጥነቱ ብዙም ሳይቀንስ ነው። መንገዱ ቁልቁለት ቢሆን ወይም በክረምት ዝናብ ቢረጥብ ነገሩ ከዚህ የከፋ ነው።

ይህን ያወቁ የብዙ አገሮች ሹማምንት በ2012 ዓ.ም. በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ተሰብስበው፥ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ስፍራ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ አሳሰቡ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ነገረን። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ከሆኑት መካከል ብዙዎችን በመግደል ይህን አደጋ የሚበልጥ ሌላ ምክንያት የለም። በአዲስ አበባም በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች ናቸው።

አዲስ አበባ አስቀድሞ የእግረኛና የበቅሎ ከተማ ነበረች። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ አንድ አውቶሞቢል አምጥቶ ለዐፄ ምኒልክ አቀረበ። እንግዲህ መኪና ወደ መንገዳችን የመጣው እንግዳ ሆኖ ነው። እንግዳ በክብር ይቀበሉታል፤ ዳሩ ግን እንግዳ የቤቱን ልጆች ረግጦ አይገባም።

ስለዚህ የነዋሪዎቹ ምሬት እውነተኛ ነው። ነገር ግን እውነተኛ ምሬት በመልካም መንገድ ካልተመራ ሌላ ጥፋት ያመጣል። አንዳንድ ሰዎች ተቈጥተው በመንገዱ ላይ ድንጋይ ይደረድራሉ፥ ወይም ያለ ፈቃድ አፈር ይከምራሉ። ቀለምና ምልክት የሌለውን ክምር ባለ ሞተር ብስክሌቱ በሌሊት አያየውም፤ ይወድቅና ይሰበራል። ምጥ የያዛትን ሴት የጫነ መኪናም በዚያው ያልፋል። ሰውን ከሞት ለማዳን የተደረገው ነገር ሰውን ይጐዳል።

ይልቁንም ጐረቤቶች በአንድነት ይምከሩ። መኪናዎች የሚከንፉት በየትኛው ስፍራና በስንት ሰዓት እንደ ሆነ፥ ልጆችስ የሚሻገሩት የት እንደ ሆነ ለጥቂት ቀናት አይተው ይጻፉ። ከዚያም ሁሉም ፈርመውበት ለወረዳው፥ ለትራፊክ ፖሊስና ለከተማው የትራፊክ መሥሪያ ቤት ያቅርቡ። «እባካችሁ አንድ ነገር አድርጉ» ከሚል ጩኸት ይልቅ ስፍራውንና ሰዓቱን የሚያሳይ ጽሑፍ ለሹሙ ሥራውን ያቀልለታል። ባለሙያዎችም መርምረው ስፒድ ብሬከር የሚሉትን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፥ ወይም ዜብራ፥ ወይም የእግረኛ መንገድ በሚገባው ስፍራ ይሠራሉ። ጉብታውም በልክ የተሠራ፥ ቀለም የተቀባና ከሩቅ ምልክት ያለው ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። በጽሑፉ ላይ ከፈረሙት መካከል መኪና ያላቸውም አሉ። በራሱ ደጅ «ቀስ በሉ» የሚል ሰው ከላምበረት ወጥቶ በሌላው ሰፈር ሲከንፍ ቢገኝ ፊርማው ምን ይጠቅማል? የሌላው ሰፈር ልጅ እንደ ልጁ መሆኑን ዘንግቷል። በታክሲ ተሳፍሮ ሹፌሩን «ንዳው እንጂ!» የሚለው መንገደኛም ከበደሉ ድርሻ አለው።

እናንተም፥ ልጆች፥ ስትሻገሩ ግራና ቀኝ ተመልከቱ፤ ኳሳችሁ ወደ መንገድ ቢገባ ተከትላችሁ አትሩጡ። አባታችሁ ሲቸኩሉ ብታዩ፥ «አባባ፥ ቀስ ብለው ይንዱ» በሉ። ነገር ግን ዋናው ጥንቃቄ የሕፃኑ አይደለም፤ ብረቱን የሚነዳው ሰው ነው። የበረታው ለደከመው ይጠንቀቅ። ያለፈችን ደቂቃ ማንም አይመልሳትም፤ የሞተን ልጅም እንዲሁ። ደቂቃዋ ብትጠፋ ግን የሚያለቅስላት እናት የለችም።

ጥያቄ።
1. የሰፈሩ መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ቢሆን፥ በ60 የሚነዳ ሹፌር በ30 ከሚነዳው ስንት ደቂቃ ይቀድማል?
2. በመንገድ ላይ ያለ ፈቃድ ድንጋይ መደርደር ስለ ምን መልካም አይደለም?
3. ጐረቤቶች በጽሑፋቸው ምን ምን ሊያመለክቱ ይገባል?
4. መኪና በመንገድ ላይ እንግዳ ነው የተባለው ስለ ምን ነው?