ልጆቻችን ታላላቆቻቸውን ምን ብለው ይጥሩ? የአክብሮት አጠራርና የየአካባቢው ልማድ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው አድገው ለየቲሞች አለኝታ በሆኑት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ስለ የቲሞች ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምናነሳው ምግባቸውን፣ ልብሳቸውንና የትምህርት ወጪያቸውን ነው። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ወላጁን አጥቶ ወደ አዲስ ቤት የገባ ልጅ በመጀመሪያው ቀን የሚመዘነው ከአፉ በሚወጣው ቃል ነው። አንድ ሽማግሌን «አንተ» ካለ «ያልተቀጣ ልጅ» ተብሎ ይፈረጅና ስሙ ለዓመታት ተከትሎት ይኖራል። ስለዚህ ልጅን የአክብሮት አጠራር ማስተማርም፣ ሳያውቅ በተናገረው አለመፍረድም የአሳዳጊ አደራ አካል መሆኑን በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

አክብሮት በየአገሩ

ከተማችን ጊንጪ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። የአካባቢው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን በገበያና በጉርብትና አማርኛም ይነገራል። በሙስሊሙ መካከል ከወሎ፣ ከስልጤ፣ ከጉራጌና ከጅማ የመጡ ቤተሰቦች አሉ። በአንድ የመድረሳ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ልጆች ታላቅን የሚያከብሩበት አነጋገር ስለዚህ አንድ ዓይነት አይደለም።

አማርኛ ለእኩያና ለታናሽ «አንተ» እና «አንቺ»፣ ለታላቅ ደግሞ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ይላል። በዛሬዋ አዲስ አበባ ያደገ ልጅ «አንቱ» ሲባል የሚሰማው ምናልባት ከአያቱ አፍ ነው። የቃሉ ክብር ግን «አንቱ የተባለ ዓሊም» በሚለው አነጋገራችን ውስጥ እንደተጠበቀ ይገኛል። በድሬዳዋና በሐረር በኩል ለታላቅም «አንተ» ማለት የተለመደ ሲሆን፣ በዚያ የቅርበት እንጂ የንቀት ምልክት አይደለም። በብዙ ቤቶችም ልጆች እናታቸውን «አንቺ» እያሉ አባታቸውን ግን «አንተ» ለማለት አይደፍሩም።

በአፋን ኦሮሞ «አቲ» ለአንድ ሰው፣ «ኢሲን» ደግሞ ለብዙዎችና ለተከበረ ሰው ይነገራል። እኩያውን «አካም ቡልቴ?» የሚል ልጅ ሽማግሌውን «አካም ቡልታን?» ይላል። ይህ ልጅ በአማርኛ አንድን ሽማግሌ «እንዴት አደራችሁ?» ሲል አንዳንዶች ይስቁበታል። ልጁ ግን ከቤቱ ያመጣውን አክብሮት አንዳች ሳያጎድል አቅርቧል። አማርኛውም «እንዴት አደሩ?» ሲል የብዙዎችን ግሥ ለአንድ ሰው መስጠቱ አይደለምን? ሁላችንም ከሕፃንነት የተማርነው «አሰላሙ ዐለይኩም» እንኳ አንድን ሰው በብዙ ቁጥር የሚያከብር ሰላምታ ነው።

ልዩነቱ በቃል ብቻ አይወሰንም። በገጠር ያደገ ልጅ ታላቅ ሲያናግረው ዓይኑን ወደ መሬት ያደርጋል። በከተማ ትምህርት ቤት ደግሞ «ቀና ብለህ መልስ» ይባላል። የመጀመሪያውን ደንቆሮ፣ ሁለተኛውን ደፋር ማለት ሁለቱንም መበደል ነው።

አደብ ከቃሉ በፊት

ቁርኣን በወረደበት ዐረብኛ ታላቅም ታናሽም በአንድ «አንተ» ይጠሩ ነበር። ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ጣዖት አምላኪ የነበረውን አባታቸውን ሲመክሩ በሱረቱ መርየም ከ42 እስከ 45 ባሉት አንቀጾች አራት ጊዜ «አባቴ ሆይ» እያሉ ጠርተውታል። አክብሮታቸው የተገለጸው በዚህ የልጅነት ጥሪ ነው። ሱረቱል ኢስራእ በ23ኛው አንቀጽ ለወላጆች «ኡፍ» ማለትን እንኳ ከልክሎ የከበረ ቃል እንድንናገራቸው ያዘናል። እኛም በአማርኛ ዱዓ ስናደርግ ጌታችንን «አንተ» እንላለን። ከዚህ የምንረዳው የአክብሮት ሥሩ በልብና በአነጋገር ለዛ እንጂ በአንድ ቃል ብቻ አለመሆኑን ነው።

ይህ ማለት ግን ልጆቻችን «እርስዎ» ማለትን መማር የለባቸውም ማለት አይደለም። ከሸሪዓ ጋር የማይጋጭ መልካም ልማድ በእስልምና ቦታ አለው። አንድ ቃል የአካባቢውን ሽማግሌ ቅር የሚያሰኝ ከሆነ ሰውን ላለማስቀየም ሲባል የአካባቢውን አጠራር ማወቅ ይገባል።

ከመልዕክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት

አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ አንድ የበረሃ ሰው ነቢዩን ጠርዙ ሻካራ በሆነው ኩታቸው በኃይል ጎትቶ በአንገታቸው ላይ ምልክት እስኪወጣ ድረስ አደረሳቸው። ከዚያም በስማቸው ጠርቶ ከአላህ ገንዘብ እንዲሰጠው ጠየቀ። እርሳቸው ግን ወደ እርሱ ዞረው ሳቁ፤ እንዲሰጠውም አዘዙ። ስጦታውን በአጠራሩ አልለኩትም። ሱረቱል ሑጁራት ደግሞ ድምፅን በእርሳቸው ፊት ከፍ ማድረግንና ከክፍሎቻቸው ኋላ ሆኖ መጣራትን አርሟል። ስለዚህ ማስተማር አለ፤ በማረም ሰበብ እርዳታን መንፈግ ግን የለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ ነው። አባቱ ሞተው በነቢዩ ቤት ያደገ የቲም ነበር። በማዕድ ላይ እጁ ወዲያና ወዲህ ሲል አይተው «አንተ ልጅ» ብለው በእርጋታ ጠሩት፤ የአላህን ስም እንዲጠራ፣ በቀኙና ከፊት ለፊቱ እንዲበላ ነገሩት። ልጁም ካደገ በኋላ ከዚያ ቀን ወዲህ አበላሉ በዚያው መንገድ እንደጸና ተናግሯል። አጭር፣ ለስላሳና በቦታው የተሰጠ እርማት ዕድሜ ልክ ይዘልቃል።

የቲሙንስ ምን ብለን እንጠራዋለን?

አክብሮትን ከልጁ የምንጠብቅ እኛ እርሱን እንዴት እንደምንጠራው እንመርምር። በሰፈር «የቲሙ»፣ «የእርዳታው ልጅ» ብሎ መጥራት ሱረቱል ሑጁራት በ11ኛው አንቀጽ ከከለከለው የቅጽል ስም መጠራራት የሚቆጠር ነው። የአባቱንም ስም ማስቀረት አይገባም። ዘይድ በነቢዩ ስም ይጠራ እንደነበርና ሱረቱል አሕዛብ 33፡5 ከወረደ በኋላ ወደ አባቱ ተመልሶ «ዘይድ ኢብኑ ሐሪሳ» እንደተባለ እናውቃለን። ልጁን የምናሳድግ ሰዎች «አባዬ በለኝ» ብለን ልናስገድደው አይገባም። «አጎቴ»፣ «ጋሼ»፣ «እትዬ» ቢል በቂ ነው። ፍቅር ሲሞቀው የሚጠራበትን ራሱ ይመርጣል።

ለቤተሰቦች

አንደኛ፣ ልጁ በቤቱ አባቱንና አያቱን ምን ይላቸው እንደነበር በፍቅር እንጠይቀው። «እዚህ ደግሞ እንዲህ እንላለን» ብለን አዲሱን እንጨምርለት፤ የእናቱን አነጋገር ግን አናንቋሽሽበት። የሞተች እናት ለልጇ የተወችለት አነጋገሯ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ በእንግዳ ፊት አናርመው። እንግዳው ከሄደ በኋላ ለብቻው እንንገረው።

ሦስተኛ፣ ልጅ የሚማረው ካየው ነው። ሐጂውን «እርስዎ» እያልን በር ላይ የቆመውን ሽማግሌ ተሸካሚ «አንተ» ካልነው፣ ልጁ የሚማረው ዕድሜን ሳይሆን ገንዘብን ማክበር ነው።

ለለጋሾች

የልጁ ደብዳቤ «አንተ» ብሎ ቢደርሳችሁ ቅር አይበላችሁ፤ ምናልባት በቤቱ ቋንቋ ለአባቱ የሚናገረው እንደዚያ ነው። ልትጎበኙት ስትመጡም የተጠና የምስጋና ንግግር አትጠብቁ። ሱረቱል በቀራ በ263ኛውና በ264ኛው አንቀጾች መልካም ንግግር ማስቀየም ከሚከተለው ምጽዋት እንደሚበልጥ፣ መመጻደቅም ምጽዋትን እንደሚያበላሽ ያስተምረናል። እናንተ ቀድማችሁ ሰላም በሉት፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በልጆች አጠገብ ሲያልፉ ሰላምታ ይሰጡ ነበርና።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ታላቅን የሚያከብሩ፣ እኛንም ለታናሽ የምናዝን ያድርገን። የየቲሞችን አደራ ለመወጣትም ይርዳን። አሚን። ወላሁ አዕለም።