ከክርክር በላይ የሆነ ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ ድርሰት ሲጽፉ፣ ሐሳባቸውን ማጠንከር በፈለጉ ቁጥር ኢንዲስፒዩተብል፣ አንዲናየብል፣ ኢረፊዩተብል፣ ኢንዲዩቢተብል ከሚሉት ቃላት እጃቸው የገባውን ያነሣሉ። ብዙው መዝገበ ቃላት ሁሉንም «የማያጠራጥር» ብሎ ስለሚያልፋቸው አይፈረድባቸውም። ቃላቱ ግን አንድ አይደሉም። ልዩነታቸውን ለማየት ከሐይቅ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የአምባሰሏ ውጫሌ ትበቃናለች።

በመጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። ከፊቱ ያለውን «አን» ወይም «ኢን» (በኢረፊዩተብል ላይ «ኢር» ሆኗል) አንሡ፤ ከኋላው ያለውን «ኤብል» አንሡ። የሚቀረው ግስ ነው። አማርኛም እንዲሁ ይሠራል፤ «የማይካድ» ከሚለው ላይ «የማይ»ን ብናነሣ መካድ ይቀራል። እንግዲህ አንዲናየብል ውስጥ ያለው ግስ መካድ ነው፤ ኢንዲስፒዩተብል ውስጥ ያለው መከራከር፤ ኢረፊዩተብል ውስጥ ያለው ማስረጃ አቅርቦ የሌላውን ነጥብ ማፍረስ፤ ኢንዲዩቢተብል ውስጥ ያለው ደግሞ መጠራጠር ነው።

ቀጥሎ ይህን ግስ የሚፈጽመው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ለመጠራጠር አንድ ሰው ይበቃል፤ ልቡ ውስጥ ያልቃል። ለመካድም አንድ ሰው ይበቃል፤ ሆኖም አፍ አውጥቶ መናገር አለበት። ለመከራከር ግን ሁለት ወገን ያስፈልጋል። ለማፍረስ ከሁለቱም ወገን ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

አሁን ወደ ውጫሌ እንሂድ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ በዚያ ውል ተፈራረሙ። ውሉ መፈረሙ አንዲናየብል ነው፤ ኢትዮጵያም ኢጣልያም አልፈረምኩም ብላ አታውቅም። አንቀጽ 17 በውሉ ውስጥ መኖሩም እንዲሁ።

አንቀጹ ምን ይላል ስንል ግን ነገሩ ይለወጣል። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ እንደሚቻላቸው ይናገራል፤ ቢፈልጉ ነው። ኢጣልያንኛው ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል ለመላላክ እንደ ተስማሙ አድርጎ ጻፈው። ሮም ይህን ግዴታ ነው ብላ ያዘችና ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደ ገባች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ከዚህ የከፋው ደግሞ አንቀጽ 19 ነው፤ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ጽሑፍ የሚስማሙ ናቸው፣ እኩልም ይታመናሉ ይላል። ሁለቱ ሲጣሉ የሚዳኝ ሦስተኛ ጽሑፍ አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ተማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ነው። አማርኛውን ብቻ የሚያነብ ሰው ምንም አያሻማውም፤ ለዚህ እንግሊዝኛው አንአምቢጊዩስ የሚል ቃል አለው። ግን የማያሻማ ጽሑፍ ሁሉ የማያከራክር አይደለም። ሌላው ወገን የራሱን ጽሑፍ ይዞ ሲመጣ ክርክሩ ይነሣል። እኔ በበኩሌ እውነቱ ከምኒልክ ጋር እንደነበረ ቅንጣት አልጠራጠርም፤ አንድ ንጉሥ በማያነበው ቋንቋ በተጻፈ ነገር አገሩን አሳልፎ ሰጠ ሊባል አይገባም። ቢሆንም በ1883 ዓ.ም ስለ አንቀጽ 17 የሚጽፍ ሰው ትርጉሙ ኢንዲስፒዩተብል ነው ቢል ቃሉን አላግባብ ተጠቀመ እላለሁ፤ ሁለት መንግሥታት ፊት ለፊት ይከራከሩበት ነበርና። በእንግሊዝኛ ዲስፒዩትድ ማለት ክርክር አለበት ማለት እንጂ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ተከራካሪ ያለው እውነት፣ እውነትነቱ አይቀንስም።

ምኒልክ በ1885 ዓ.ም ውሉን መሰረዛቸውን አሳወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ዐድዋ ላይ ጦርነት ሆነ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም በአዲስ አበባው ውል ኢጣልያ የውጫሌው ውል መሻሩን ተቀብላ፣ የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት አውቃ ፈረመች። የውጫሌው ውል መሻር ኢንዲስፒዩተብል የሆነው ያን ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ፈርመውበታልና።

ኢረፊዩተብል የሚባለው ለነጥብና ለማስረጃ ነው። ለዚህ ምሳሌው ከሐይቅ ዳር ይገኛል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን መጽሐፍ እንደነበረው በምን እናውቃለን? አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል፣ በ1273 ዓ.ም ገደማ የተጻፈ የዘመን ማስታወሻ ይዟል። መጽሐፍ በዚያ ዘመን በገዳሙ እጅ ነበር የሚለውን ነጥብ ማፍረስ የሚፈልግ ሰው ይህን ብራና ማፍረስ አለበት። ብራናው በእርግጥ እዚያው ተጻፈ ወይስ ከሌላ ቦታ መጣ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ማስታወሻው ስጦታውን እንጂ ያንን አይመሰክርም። ኢረፊዩተብል የምትሉት ማስረጃው እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው፣ «እርግጠኛ ነኝ» እና «እርግጥ ነው» በአማርኛ እንደሚለያዩ ሁሉ በእንግሊዝኛም «አይ አም ሹር» የተናጋሪውን ልብ ይናገራል፤ «ኢት ኢዝ ሰርተን» ነገሩን። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ማስረጃ ሳይዙ መሻገር አይቻልም። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ቅኝቶች የአምባሰል ቅኝት ይበልጣል ብዬ እርግጠኛ ልሆን እችላለሁ፤ ሰርተን ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ብዙዎችን ያስገርማል። «ኖ ዳውት» በቃል ሲፈታ ጥርጥር የለም ማለት ነው፤ በአጠቃቀሙ ግን ብዙ ጊዜ «መቼም» እንደምንለው ነው፤ «መቼም ሳይመጣ አይቀርም» እንደ ማለት ግምት ይዟል። ጥርጥር እንደሌለ በእውነት መናገር ሲፈለግ «ዊዛውት ዳውት» ይሻላል። በፈተና ላይ ይህችን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ለመለማመጃ ይህን ውሰዱ። ኢየሱስ ሞዓ ይኩኖ አምላክ ዙፋን እንዲይዝ ረድተዋል የሚል ትውፊት አለ፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን በዚህ አይስማሙም። ትውፊቱ መኖሩንና የረዱ መሆናቸውን ለየብቻ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ለእያንዳንዱ ከላይ ካየናቸው ቃላት የሚስማማውን ምረጡ፤ የሚስማማ ከሌለም ዲስፒዩትድ በሉ።