ለጀማሪ ሰው የሚስማማ ነጻ የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና ስለ መምረጥ

ኮምፒዩተር በራሱ ሕይወት የሌለው ዕቃ ነው። ቁልፉ ሲነካ ነቅቶ፥ የተጻፈበትን ተቀብሎ፥ ፊደሉን በስክሪኑ ላይ እያሳየ፥ ጽሑፉንም በዲስኩ እያኖረ እንዲያገለግል የሚያደርገው በውስጡ የተጫነው ዋና ፕሮግራም ነው፤ ይኸውም ሥርዓተ ክወና ይባላል። በኢትዮጵያ በብዙ ቤትና በብዙ መሥሪያ ቤት የታወቀው የማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ ስለ ሆነ፥ አያሌ ሰዎች ኮምፒዩተርንና ዊንዶውስን አንድ ነገር አድርገው ያያሉ። ነገር ግን ሁለቱ በአዊ ምድር በደንብ እንደሚታወቁት እንደ ፈረስና እንደ ኮርቻ ልዩ ልዩ ናቸው። ኮርቻው ቢለወጥ ፈረሱ ያው ፈረስ ነው፤ ለአንዱ የተመቸ ኮርቻም የሌላውን ጀርባ ይልጣል።

ይህን መለየት ዛሬ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለአጭር ጊዜ በምዝገባ ከተሰጠው ማራዘሚያ በቀር፥ ከዚያ ቀን ወዲህ በፕሮግራሙ ላይ ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍነው የለም። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፥ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የምስጢር መጠበቂያ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን አይቀበልም። ስለዚህ በርዳታ የመጣ ወይም ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ኮምፒዩተር አካሉ ደኅና ሳለ እንደ ሞተ ይቈጠራል። ባለቤቱም ከሁለት መጥፎ መንገዶች አንዱን ይይዛል፤ ወይም ባልተጠገነው አሮጌ ዊንዶውስ እየሠራ በየፍላሹ የሚመጣውን ቫይረስ ይቀበላል፥ ወይም ከጥገና ሱቅ ክራክ የተደረገ ቅጂ ያስጭናል። ክራክ የተደረገውን ማን እንደ ከፈተውና ምን እንደ ጨመረበት የሚያውቅ የለም። የተማሪዎችን ውጤትና የፈተና ወረቀት በእንዲህ ያለ ዕቃ ማስቀመጥ የእህል ጎተራን ለማያውቁት ሰው አደራ እንደ መስጠት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሊኑክስ የሚባለው ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ማንም ሰው ሊያየው፥ ሊያርመውና ሊያካፍለው የሚችል ሥርዓት ለመሥራት ተነሣ። በ1991 ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ የሚማር ወጣት የሥርዓቱን ማዕከል ጽፎ ለሕዝብ ሰጠ። የሁለቱ ሥራ ተዋሕዶ ከየአገሩ በመጡ እጅግ ብዙ ሰዎች እጅ አደገ።

እዚህ ላይ የአገር ሽማግሌዎች የሚያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ዋጋ የማይከፈልበት ነገር እንዴት ይታመናል? በመንደሩ ያለውን ደቦ ያሰቡ እንደ ሆነ መልሱ ይቀርባል። አጨዳ ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ለዕለቱ ደመወዝ አይቀበልም፥ ነገር ግን ተራው ሲደርስ የእርሱም እርሻ ይታጨዳል። ሊኑክስን ከሚሠሩት መካከል እንዲሁ ያሉ አሉ። የቀሩት ደግሞ ከትልልቅ ኩባንያዎች ደመወዝ የሚቀበሉ ናቸው፤ ኩባንያዎቹ ለራሳቸው ሥራ ስለሚፈልጉት ይከፍሉበታል። «ነጻ» መባሉም ገንዘብ ባለመጠየቁ ብቻ አይደለም። የፕሮግራሙ ምንጭ ለሁሉ ክፍት ነው፤ በማዕከሉ ላይ የጸናው የፈቃድ ሕግ እንደሚያዝዘው አሻሽሎ ለሌላ የሚያድል ሰው ምንጩን አብሮ መስጠት አለበት። ስለዚህ አንድ አስተማሪ በአንድ ፍላሽ ያመጣውን ለአሥር ትምህርት ቤት ቢያካፍል ሕግ አላፈረሰም።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ነጻ ሥርዓት ሲገባ የአሁኑ የመጀመሪያው አይደለም። በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. ገደማ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» በተባለው ዕቅድ በሺሕ የሚቈጠሩ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ታድለው ነበረ። በውስጣቸው ያለው ከሊኑክስ ወገን የሆነው ፌዶራ ሲሆን፥ ላዩ ሹገር የሚባል ለሕፃናት የተዘጋጀ ገጽ ነበረ። ልጆቹ ወደዱት። ነገር ግን ዕቃው የደረሰው አስተማሪው በደንብ ሳይሠለጥንበት ስለ ነበረ፥ በክፍል ውስጥ ትምህርትን የሚያውክ መጫወቻ መስሎ የታያቸው አስተማሪዎች ነበሩ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በወንጪና በወለንጪቲ ትምህርት ቤት ላልገቡ ጥቂት ሕፃናት አንድሮይድ ያለበት ታብሌት ተሰጠ፤ አንድሮይድም ራሱ በሊኑክስ ማዕከል ላይ የቆመ ነው። የዕቅዱ ባለቤቶች እንደ ተናገሩት ሕፃናቱ በጥቂት ወራት ውስጥ የተዘጋባቸውን ካሜራ እስከ መክፈት ደረሱ። ከሁለቱ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ልጅ ለማንኛውም ሥርዓት አይቸገርም፥ ስለዚህ ምርጫው መመዘን ያለበት በአስተማሪው ነው። አስተማሪው የሚፈራው ሥርዓት ምንም ቢመሰገን ሣጥን ውስጥ ተቈልፎበት ይቀራል።

ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ አንድ መልክ ብቻ ያለው አይደለም። ልዩ ልዩ ማኅበሮችና ኩባንያዎች እንደየሐሳባቸው ያዘጋጁት በብዙ መቶ የሚቈጠር ዓይነት አለ። ጀማሪ ሰው የሚሰናከለው በዚህ ብዛት ነው። አዋቂዎችን ቢጠይቅ እያንዳንዱ የራሱን ያመሰግንለታል፤ አንዱ አርች ይለዋል፥ ሌላው ጄንቱ ይለዋል። እነዚህ መልካም ናቸው፤ ዳሩ ግን የጥር 23 የፈረስ ጉግስ የለመደ ሰው የሚጋልበውን ፈረስ ገና እርካብ ላልረገጠ ልጅ የሚሰጥ ማን ነው? ለጀማሪ የሚሻለው ዝግተኛና ገራም የሆነው ነው።

ከገራሞቹ መካከል ሁለቱ ይበልጣሉ። ኡቡንቱ በደቡብ አፍሪካዊው በማርክ ሻትልወርዝ መሥራችነት በ1997 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ስሙም ሰው ለሰው ያለውን ርኅራኄ የሚያመለክት የደቡብ አፍሪካ ቃል ነው። እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ለጠየቀ ሰው ሁሉ ሲዲውን በፖስታ በነጻ ይልኩ ነበረ፤ ኢንተርኔት ላልደረሰበት አገር ታላቅ ውለታ ነበረ። ሊኑክስ ሚንት ደግሞ በ1998 ዓ.ም. የተጀመረ፥ አብዛኛውን አካሉን ከኡቡንቱ የወሰደ ነው። ዋናው ልዩነታቸው በመልክ ነው። የሚንት ገጽ ዊንዶውስ ለለመደ ዓይን እንግዳ አይሆንም፤ የፕሮግራሞቹ ዝርዝር ከታች በግራ ጥግ አለ፥ ሰዓቱ በቀኝ ጥግ አለ፥ የተከፈቱትም ነገሮች በታችኛው መስመር ይደረደራሉ። የኡቡንቱ አዲሱ ዓይነት ለዴስክቶፑ ከሚንት የበለጠ ራም ይጠይቃል፤ ሚንት ግን በ2 ጊጋባይት ይነሣል፥ በ4 ጊጋባይት ደኅና ይሠራል። ስለዚህ በገጠር ላለ አሮጌ ኮምፒዩተር ሚንት ይመረጣል፤ ከሚንትም ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለው ገጽ። ራሙ 8 ጊጋባይት የሆነ ሰው ከፈለገ ሲናሞን የተባለውን ያማረውን ይያዝ። የሚንት 22 ጥገና እስከ 2021 ዓ.ም. ድረስ ይቀጥላል። ባለ 32 ቢት የሆነ እጅግ አሮጌ ኮምፒዩተር ግን ይህን አይቀበልም፤ ለእርሱ እንደ አንቲኤክስ ያለ ሌላ አለ፥ ሆኖም ለጀማሪ አይመችም።

ከፍጥነትና ከመልክ ይልቅ ለመንደር ትምህርት ቤት የሚከብደው የፊደል ጕዳይ ነው። ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚስማሙበት በዩኒኮድ የፊደል መዝገብ የግእዝ ፊደል የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የግእዝ ፊደል የሚጻፈው በየሠሪው ልዩ ልዩ ዘዴ ስለ ነበረ፥ ያን ጊዜ የተጻፈው ጽሑፍ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር ይሆናል። ብዙ አስተማሪዎች ፓወር ግእዝ በሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም መጻፍ ለምደዋል፤ እርሱ በሊኑክስ ላይ እንዲሠራ የተዘጋጀ አይደለም። በዩኒኮድ የተጻፈው ፋይል ሳይበላሽ ይከፈታል፤ በጥንቱ ዘዴ የተጻፈው ግን አይነበብም። ስለዚህ ሥርዓቱን ከመለወጥ አስቀድሞ አሮጌዎቹን የፈተና ወረቀቶች አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት፥ የማይነበቡትንም ዊንዶውሱ ሳይጠፋ አትሞ ወይም ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ ማስቀመጥ ይገባል። ይህን ሳያደርጉ የዓመታት ድካም ማጣት ይቻላል።

በሊኑክስ ላይ አማርኛ ለመጻፍ ከኪቦርዱ ዝርዝር አማርኛን መምረጥ አንድ መንገድ ነው። ሌላው አይባስ በሚባለው ማስገቢያ «ሴራ» የተባለውን ዘዴ መጨመር ነው፤ በዚህ ቃሉን በድምፁ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲመቱት በግእዝ ፊደል ይወጣል፥ ስለዚህ ፓወር ግእዝ ለለመደ እጅ ይቀርባል። ለአዊ ዞን ግን ሌላ ፈተና ይጨመራል። አዊኛ በዞኑ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ ውስጥ የሌለውን በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅም «ጘ» በሚባለው ፊደል ይጽፈዋል። በአማርኛ ብቻ የተፈተነ ኮምፒዩተር ይህን ፊደል ሲያጣ በስፍራው ባዶ ሳጥን ያሳያል። ሕፃኑ የእናቱን ቋንቋ ሲጽፍ ሳጥን ካየ ቋንቋው በኮምፒዩተር የማይጻፍ ይመስለዋል፤ ይህም ትልቅ ጕዳት ነው። ስለዚህ ጘ፥ ጙ፥ ጚ፥ ጛ፥ ጜ፥ ጝ፥ ጞ በተራ ተጽፈውና ታትመው ይታዩ። ከጎደሉ አቢሲኒካ የተባለውን ነጻ የፊደል ቅርፅ መጨመር ይበቃል።

ሊኑክስ ከመጫኑ በፊት መሞከር መቻሉ ለጀማሪ ትልቅ ጥቅም ነው። አንድ ሰው ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ በወረደ ጊዜ ደኅና ኢንተርኔት ካለበት ስፍራ ወደ 3 ጊጋባይት የሚሆነውን የሚንት ፋይል ያውርድ። ፋይሉን እንዲሁ ወደ ፍላሽ ቢገለብጡት ግን አይነሣም፤ ሩፈስን በመሰለ ፕሮግራም መጻፍ አለበት። 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ይበቃል፥ ቀድሞ በላዩ የነበረው ሁሉ ግን ይጠፋል። ከዚያ ፍላሹን ሰክቶ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ እንደየሥሪቱ ኤፍ12፥ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ የተባለውን ቁልፍ እየመቱ ከፍላሹ እንዲነሣ ማዘዝ ነው። ሚንት በዲስኩ ላይ ምንም ሳይነካ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ድምፁ፥ ማውዙ፥ ማተሚያው፥ ፊደሉና ዋይፋዩ ይፈተኑ። በአንዳንድ ላፕቶፕ የብሮድኮም ዋይፋይ በራሱ አይሠራምና፥ እንዲህ ያለው ካጋጠመ ተጨማሪውን ፕሮግራም ከከተማ ሳይወጡ ማውረድ ነው።

ሲጭኑ ሁለት ምርጫ ይቀርባል፤ አንዱ ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ መጫን፥ ሁለተኛው ከዊንዶውስ ጎን ለጎን መጫን። ጎን ለጎኑ ለቤት ሰው መልካም ነው፤ የቀድሞው ስለሚቀርለት አይደነግጥም። ለትምህርት ቤት ግን አንዱን ብቻ መያዝ ይሻላል፥ ሁለት ሥርዓት ያለበት ኮምፒዩተር ልጆችን ያደናግራልና። በሁሉም ጊዜ ፋይሎቹ አስቀድመው በሌላ ዲስክ ይገልበጡ። በክረምት በእንጅባራ አካባቢ ዝናብና ነጎድጓድ ሲበረታ መብራት በመካከል ቢጠፋ ዲስኩ እንደ ተጀመረ ይቀራል፤ ስለዚህ ላፕቶፕ ባትሪው ሞልቶ፥ ዴስክቶፕ ደግሞ ሰማዩ ጥሩ በሆነበት ጠዋት ይጫን። ኮምፒዩተሩ ከተጫነም በኋላ ቢዘገይ፥ አዲስ ከመግዛት አስቀድሞ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መለወጥ ይጠቅማል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለሌላ ማሻሻያ ከሚወጣው ይልቅ ለዓይን የሚታይ ለውጥ ያመጣል።

ከመጫን በኋላ ያለው ሥራ ብዙ አይደለም። ሊብረኦፊስ የተባለው የጽሕፈትና የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም አብሮ ይመጣል፤ የዎርድና የኤክሴልን ፋይል ይከፍታል፥ አልፎ አልፎ ግን የገጹ አቀማመጥ ይዛባልና ፈተናን ከማተም በፊት ማየት ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን በፍላሽ አምጥቶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል፤ የአማርኛውም አለ። ማሻሻያውም በየሦስት ወሩ ኮምፒዩተሩ ወደ ከተማ ሲደርስ ቢደረግ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ። ሊኑክስ ፕሮግራም ለመጨመርና ለማረም የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ አስተማሪው ወደ ቻግኒ ወይም ወደ ቲሊሊ ሲዛወር የይለፍ ቃሉን በልቡ ይዞት ቢሄድ የተተካው ሰው ኮምፒዩተሩን ሊያስተዳድር አይችልም። ስለዚህ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ፥ የመጫኛውም ፍላሽ አብሮ በፖስታ ታሽጎ፥ በላዩ የተጫነበት ቀን ተመልክቶ ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ጋር በርእሰ መምህሩ ሣጥን ይቀመጥ።