በልክ የተሰፋ ጽሑፍ፦ ለደንበኛ የሚዘጋጅ ማስታወቂያ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ከጨረሳችሁ በኋላ፣
ሀ) ማስታወቂያ ከመጻፋችሁ በፊት ደንበኛውን ምን መጠየቅ እንደሚገባችሁ ታውቃላችሁ፤
ለ) ዝርዝር ቃልን ከባዶ ውዳሴ ትለያላችሁ፤
ሐ) ለአንባቢው የሚስማማውን የግሥ ቅርጽ መርጣችሁ አጭር ማስታወቂያ ትጽፋላችሁ።

1. መግቢያ

ባለፉት ትምህርቶች የራሳችንን አሳብ በድርሰትና በደብዳቤ እንዴት እንደምንገልጥ ተመልክተናል። ማስታወቂያ ግን ከእነዚህ ይለያል። ማስታወቂያ የሚያዘጋጅ ሰው የሚጽፈው ስለ ሌላ ሰው ሥራ ነው፤ የሚጽፈውም በዚያ ሰው ስም ለሦስተኛ ሰው ነው። ስለዚህ በአንድ ማስታወቂያ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ደንበኛው፣ ጸሐፊውና ገዢው ናቸው። ጸሐፊው ከሁለቱ አንዱን ከዘነጋ ጽሑፉ ከንቱ ይሆናል።

ጥሩ ልብስ ሰፊ መቀሱን ከማንሣቱ በፊት ሜትሩን ያነሣል። ማስታወቂያ ጸሐፊም እንዲሁ ነው። ለአንዱ የተሰፋ ልብስ ለሌላው እንደማይሆን ሁሉ፣ ለአንድ ደንበኛ የተጻፈ ቃልም ተገልብጦ ለሌላው አይሆንም።

2. የሥራው ቅደም ተከተል

በአዲስ አበባ በሚገኙ ትልልቅ የማስታወቂያ ድርጅቶች ሥራው ይከፋፈላል። አንዱ ደንበኛውን ያነጋግራል፤ ሌላው ገበያውን ያጠናል፤ ሌላው ይጽፋል፤ ሌላው ሥዕሉን ያዘጋጃል። በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ ከተማ ግን ይህ ሁሉ በአንድ ታፔላ ጻፊ ትከሻ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሰው ብዛት ይለያይ እንጂ የሥራው ቅደም ተከተል አንድ ነው፤ መጠየቅ፣ ማየት፣ ማርቀቅ፣ ለደንበኛው ማሳየት፣ ማረም፣ በመጨረሻም ማተም ወይም መሣል።

ከእነዚህ ሁሉ ዋናው የመጀመሪያው ነው። ደንበኛውን አምስት ነገሮች ጠይቁት። የምትሸጠው ምንድን ነው? ከየት ይመጣል? የሚገዛህ ማን ነው? ገዢው ምን ይጠራጠራል? ከጎረቤትህ የምትለየው በምንድን ነው? አራተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ነገር ግን ገዢውን ከደጅ የሚመልሰው ያልተመለሰ ጥርጣሬ ነው።

3. ሁለት ምሳሌዎች

በመቱ ገበያ ማር የምትሸጥ አንዲት ሴት ታፔላ እንዲጻፍላት ጠየቀች እንበል። የሚከተሉትን ሁለት ጽሑፎች አነጻጽሩ።

ምሳሌ ሀ፦ «ምርጥ ማር! በዓለም አንደኛ! ፈጥነው ይምጡ!»

ምሳሌ ለ፦ «ከገተማ አበባ የተገኘ ነጭ ማር። ስኳር አልተቀላቀለበትም። የተቆረጠበት ወር በዕቃው ላይ ተጽፏል። ቀምሰው ይግዙ።»

በምሳሌ ሀ ውስጥ «ማር» የሚለውን ቃል አውጥታችሁ «ሳሙና» የሚለውን አስገቡ። ዐረፍተ ነገሩ አልፈረሰም። «ጫማ» ብትሉም አይፈርስም። ለሁሉም የሚሆን ቃል ለማንም አልተሰፋም ማለት ነው። በምሳሌ ለ ግን ይህን ማድረግ አይቻልም። ገተማ በኢሉባቦር ደኖች የሚበቅል፣ ማሩም በነጭነቱ የሚታወቅ ዛፍ ነው። ስለ ስኳር የተነገረው ቃል የገዢውን ጥርጣሬ ይመልሳል፤ «ቀምሰው ይግዙ» የሚለውም ሻጯ በማሯ እንደምትተማመን ያሳያል። ይህ ጽሑፍ የተገኘው በቃላት ጌጥ ሳይሆን በጥያቄ ነው።

4. ገዢው ሩቅ ሲሆን

የማር ሻጯ ገዢ ቀርቦ ይቀምሳል። የቡና ገዢ ግን ብዙ ጊዜ ሩቅ ነው። በቀድሞ ዘመን የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ በበቅሎ ወደ ጋምቤላ እየወረደ፣ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። ለቃሚውና ጠጪው አይተያዩም ነበር። ዛሬም አይተያዩም፤ በመካከላቸው ቆሞ የሚናገረው ጽሑፉ ነው።

የያዩን ቡና እንመልከት። የያዩ ደን የዱር ቡና በተፈጥሮው የሚበቅልበት በመሆኑ፣ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ከዚያም ወዲህ በብሪታንያ የሚገኘው የኪው የዕፀዋት ምርምር ተቋምና ዩኒየን የተባለው ቡና ቆይ ኩባንያ ከአካባቢው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሠርተዋል፤ ቡናውም በያዩ ስም ለእንግሊዝ ጠጪ ቀርቧል። ለዚህ ደንበኛ የሚስማማው ቃል ከደኑ ይነሣል። ቡናው ሲሸጥ ደኑ ሳይቆረጥ እንዲቆይ ምክንያት ይሆናል፤ ሩቅ ያለው ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነው።

ሥራን በደንበኛው ልክ መስፋት በአገር ደረጃም ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። በሌሎች አገሮች የተለመደ ሌላ መንገድ ነበር፤ እርሱም የእያንዳንዱን ምርት መገኛ እየመረመሩ ማረጋገጥ ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ ቡና እጅግ ብዙ ከሆኑ ትንንሽ ማሳዎች የሚሰበሰብ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን መቆጣጠር ለገበሬው ከባድ ወጪ ይሆን ነበር። ስለዚህ የንግድ ምልክት ተመረጠ። ስታርባክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም ከብዙ ክርክር በኋላ በ1999 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ። ለሌላው የሠራውን መንገድ ሳይገለብጡ፣ ገበሬው የሚችለውን መንገድ መምረጥ ማለት ይህ ነው።

5. የቋንቋ ማስታወሻ

ሀ) የትእዛዝ ግሥ። በአማርኛ የነጠላ ትእዛዝ ጾታ ይለያል፤ «ቅመስ» ለወንድ፣ «ቅመሺ» ለሴት ነው። ታፔላ ላይ «ቅመስ» ብሎ የጻፈ ሰው ሴቶችን ገዢዎች ሳያስበው አስቀርቷቸዋል። «ቅመሱ» ለብዙዎች ይሆናል፤ «ይቅመሱ» የሚለው የአክብሮት ትእዛዝ ደግሞ ጾታ ሳይለይ ለማናቸውም እንግዳ ይስማማል።

ለ) አድራጊና ተደራጊ። «በደን ውስጥ የተለቀመ ቡና» በሚለው ሐረግ ለቃሚው ተሰውሯል። «የያዩ ገበሬዎች በደን ውስጥ የለቀሙት ቡና» ስንል ግን የሥራው ባለቤት ይታያል። ባለቤቱ ሊታወቅ ሲገባው አድራጊውን ግሥ ምረጡ።

ሐ) ቅጽል። «ምርጥ»፣ «ድንቅ»፣ «ልዩ» የሚሉት ቅጽሎች ፍርድ ይሰጣሉ እንጂ መረጃ አይሰጡም። «ነጭ»፣ «ያልታጠበ»፣ «በጥላ የደረቀ» የሚሉት ግን ለገዢው የሚያየውን ይነግሩታል።

መ) የአንባቢው ቋንቋ። በኢሉባቦር ከተሞች ብዙው ሕዝብ ኦሮምኛ ይናገራል። ስለዚህ ለመቱ ገበያ የሚሰቀል ታፔላ በኦሮምኛም ሊጻፍ ይገባዋል። ይሁን እንጂ አንዱን ከሌላው ቃል በቃል መተርጎም አይበቃም፤ በየቋንቋው ሰዎች በገበያ የሚናገሩትን አነጋገር መፈለግ ያስፈልጋል።

6. የጸሐፊው ኃላፊነት

ደንበኛው በልኩ ይሰፋለት ማለት የፈለገው ሁሉ ይጻፍለት ማለት አይደለም። አንድ ነጋዴ ከየቦታው የሰበሰበውን ቡና «ንጹሕ የያዩ የደን ቡና» ተብሎ እንዲጻፍለት ቢጠይቅ፣ ጸሐፊው እምቢ ሊል ይገባዋል። ገዢው ከመታለሉም በላይ ጉዳቱ ደን ጠብቀው ቡና በሚለቅሙት ገበሬዎች ላይ ይወድቃል፤ ስማቸው ከረከሰ ቡናቸውም ይረክሳልና። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሕጉ ባይኖር እንኳ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። አንድ ጊዜ የተታለለ ገዢ የታፔላውን ቀለም አይቶ አይመለስም።

7. መልመጃ

ሀ) የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. በአንድ ማስታወቂያ ውስጥ የሚገኙት ሦስት ሰዎች እነማን ናቸው?
2. ምሳሌ ሀ ለማር ሻጯ ያልተሰፋ የሆነው ለምንድን ነው?
3. ለኢትዮጵያ ቡና የንግድ ምልክት የተመረጠበትን ምክንያት በራሳችሁ ቃል ግለጹ።

ለ) የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በዝርዝር ቃል አሻሽላችሁ ጻፉ።
1. ምርጥ ዳቦ እዚህ አለ።
2. ልዩ የልብስ ስፌት ይሠራል።

ሐ) በበቾ አቅራቢያ የሚገኘውን የሶር ፏፏቴ ለእንግዶች የሚያሳይ መንገድ መሪ ማስታወቂያ እንድትጽፉለት ጠይቋችኋል እንበል። በክረምት ዝናብ የደኑ መንገድ እንደሚያዳልጥ አትዘንጉ። መጀመሪያ የምትጠይቁትን አምስት ጥያቄ ጻፉ፤ ቀጥሎም ከአርባ ቃል የማይበልጥ ማስታወቂያ አዘጋጁ።

መ) በከተማችሁ የሚገኝ አንድ ባለሙያ አነጋግሩ። ባለሙያው አናጢ፣ ሸማኔ ወይም ዳቦ ጋጋሪ ሊሆን ይችላል። የጻፋችሁለትን ማስታወቂያ አንብቡለት፤ «ይህ የእኔ ሥራ ነው» እስኪል ድረስም አርሙት።