ብሩ የት ያድራል?

አዛውንቱ ዕድሜያቸውን በግንበኝነትና በፎርማንነት የጨረሱ የጎንደር ሰው ናቸው። ከማራኪ እስከ አዘዞ፣ ወደ ላይም እስከ ዳባትና ደባርቅ ቤት ሠርተዋል። ጠያቂዋ መምህርት ናት፤ ወንድሟ ከውጭ በሚልከው ገንዘብ ጠዳ ላይ ቤት ልታሠራ ተነስታለች። የተነጋገሩት ውል ሊፈረም በተቃረበበት ሰሞን ነው።

ጠያቂዋ፦ አባባ፣ ተቋራጩ ከጠቅላላው ዋጋ ግማሹን ካልሰጠሽኝ ሥራ አልጀምርም አለኝ። ወንድሜ ደግሞ በስልክ «ስጪውና ይጀምር፤ ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ይውጣ» ይላል። ልስጠው ወይስ ይቅርብኝ?

አዛውንቱ፦ ለምን እንደሚፈልገው ጠየቅሽው?

ጠያቂዋ፦ ለሲሚንቶና ለብረት ነው አለ። ነገ ዋጋው ስለሚጨምር ዛሬ መግዛት አለብኝ ይላል።

አዛውንቱ፦ እሱስ እውነቱን ነው። ሲሚንቶ ከገበያ የጠፋበትን ጊዜ አይተናል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ተወደደ። ትንሽ ተቋራጭ ባንክ አያበድረውም፤ በራሱ ገንዘብ ብረት ገዝቶ «ስትችዪ ትከፍይኛለሽ» ሊልሽ አይችልም። ስለዚህ ቅድሚያ መጠየቁ ብቻውን ሰውየውን አያስጠረጥረውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ብሩ ከእጅሽ ከወጣ በኋላ የት ያድራል?

ጠያቂዋ፦ እሱ ዘንድ ነዋ።

አዛውንቱ፦ እሱ ዘንድማ አያድርም። ይኸው ሰው አዘዞ ላይ የጀመረው ቤት አለው እንበል። የአዘዞው ባለቤት የሰጠው ገንዘብ ከዚያ በፊት ማራኪ ላይ ለተሠራው ቤት ዕዳ ሄዷል። አሁን የአዘዞው ሰው ጣሪያ ይፈልጋል፤ ቆርቆሮ መግዣ ግን የለም። በዚህ መሃል አንቺ ትመጪና ግማሹን ትሰጪዋለሽ። ብርሽ የአዘዞው ሰው ቆርቆሮ ይሆናል፤ ያንቺ መሠረት ደግሞ ሌላ ደንበኛ እስኪመጣ ይጠብቃል። እንዲህ የሚያደርጉት ሁሉ ሌቦች እንዳይመስሉሽ። ብዙዎቹ እጨርሳለሁ ብለው ከልባቸው ያምናሉ፤ አዲስ ደንበኛ እስከመጣ ድረስም ይጨርሳሉ። ዕቃ የተወደደ ወይም ደንበኛ የጠፋ ዕለት ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ያን ጊዜ መጨረሻ የከፈለው ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ሰውየው ደግ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማል ብለሽ ብቻ አትወስኚ የምልሽ። ደግ ሰውም ባዶ ኪስ ይይዘዋል።

ጠያቂዋ፦ በአዲስ አበባ የአክሰስ ሪል ስቴት ደንበኞች ያን ያህል ዓመት ሲንከራተቱ ሰምቻለሁ። ብዙዎቹ እንደ ወንድሜ ውጭ አገር ያሉ ነበሩ።

አዛውንቱ፦ አዎ፣ በፕላን ላይ ያለ ቤት ገዝተው ከፈሉ፤ ቤቱ ግን አልደረሰላቸውም። ያንቺ በመጠኑ ትንሽ ነው እንጂ አደጋው የዚያው ዓይነት ነው። ከፋዩ በእጁ የሚይዘው ነገር ሳይኖር ከፍሎ ጨረሰ። ወንድምሽ ርቆ ስላለ ገንዘቡን ልኮ መገላገል ይፈልጋል፤ አልፈርድበትም። ግን ርቆ ያለ ሰው ነው ከሁሉ ይልቅ በጥቂት በጥቂቱ መክፈል ያለበት።

ጠያቂዋ፦ ታዲያ ዋጋው እየጨመረ ምን ላድርግ?

አዛውንቱ፦ ዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለያዪ። በጥቅል ከምትሰጪው የእጅ ዋጋውን ብቻ ተዋዋዪው፤ ዕቃውን አንቺ ግዢ። ፌሮውን ከነጋዴው ዘንድ አብራችሁ ሄዳችሁ ምረጡ፤ ገንዘቡ ግን ካንቺ ሒሳብ በቀጥታ ወደ ነጋዴው ይግባ፤ ደረሰኙም በስምሽ ይቆረጥ። ያን ጊዜ የዋጋው ጭማሪ አያስፈራሽም፤ ብረቱ ግቢሽ ውስጥ ያድራል። ዘበኛ ግን ያስፈልግሻል። ሲሚንቶውን እንደ ብረቱ አታከማቺ። እርጥበት ያገኘው ሲሚንቶ ከረጢቱ ውስጥ ይደርቃል፤ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ቢቀመጥም ወራት ማቆየት አይበጅም። ለየሥራው የሚበቃውን ብቻ አስመጪ።

ጠያቂዋ፦ እሱ ግን በዕቃው ላይ የሚያተርፋት ነገር ትቀርበታለች። አይከፋውም?

አዛውንቱ፦ ይከፋዋል። የእጅ ዋጋውን ትንሽ ከፍ ቢያደርግብሽ አትከራከሪው። በግልጽ የምታውቂው ትርፍ ከማታውቂው ይሻልሻል።

ጠያቂዋ፦ የእጅ ዋጋውንስ? ከሥራው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

አዛውንቱ፦ ለመነሻ የሚሆን ጥቂት ይገባዋል። ዕቃ ማመላለሻ አለ፣ የመሣሪያ ማስቀመጫ ጎጆ አለ፣ የመጀመሪያው ሳምንት የቀን ሠራተኛ አለ። ከእጅ ዋጋው አንድ አሥረኛ ብትሰጪው ሥራ ያስጀምራል። የመንግሥት ግዢ መመሪያ እንኳ ቅድሚያ ክፍያን በ30 በመቶ ሲወስን ኖሯል፤ ያውም ለገንዘቡ ዋስትና ተይዞ ነው። አንቺን ያለ ምንም ዋስትና 50 በመቶ ጠየቀሽ፤ ይህን ንገሪው። ከዚያ ወዲያ ብሩ ከሥራው ኋላ ይሂድ፤ ግን ብዙ አይራቅ።

ጠያቂዋ፦ በየስንት ጊዜው ልክፈል? በየወሩ?

አዛውንቱ፦ በወር አይደለም፤ ወር ሥራ አይሠራም። ክፍያውን ሥራው ሊሸፈን ሲል አድርጊው። ይህን ልብ ብለሽ ስሚኝ፤ ቤት ውስጥ ትልቁ ስህተት ሁሉ የሚሸፈን ነው። ጠዳ መሬቱ ምንድን ነው?

ጠያቂዋ፦ ጥቁር ነው፤ ዋልካ። በበጋ ይሰነጣጠቃል።

አዛውንቱ፦ በክረምት ደግሞ ያብጣል። መሠረቱ ዋልካው ላይ ከተቀመጠ ግድግዳሽ በሁለተኛው ዓመት ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ ቁፋሮው ጠንካራው መሬት ላይ መድረሱ ከታየ በኋላ፣ ድንጋይ ከመግባቱ በፊት ነው። ጉድጓዱ ከተሞላ ማንም ወርዶ አያይልሽም። ቀጥሎ የኮለኑና የቢሙ ፌሮ ነው። አርማታ ከመፍሰሱ በፊት ብረቱ ስንት እንደሆነ፣ ውፍረቱ በፕላኑ ላይ ካለው ጋር መግጠሙ፣ ስታፋው በምን ያህል ርቀት እንደታሰረ ይታይ። ከሙሌቱ በኋላ ደግሞ ውኃ መጠጣት አለበት፤ ቢያንስ ሰባት ቀን። አርማታ የሚጠበቅበት ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ፎርሙን ቶሎ ፈትቶ ሌላ ቦታ ሊወስደው የሚቸኩል አለ፤ ስለዚህ ከዚያ ደረጃ ክፍያ ላይ የተወሰነውን ፎርሙ በጊዜው እስኪፈታ አቆዪ። ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ልስን በዓይን የሚታዩ ናቸው፤ እነሱ ላይ ብዙም አልጨነቅም። የመብራትና የውኃው መስመር ግን ከልስኑ በፊት ይፈተሽ።

ጠያቂዋ፦ እኔ ፌሮ ቆጥሬ አላውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ነኝ።

አዛውንቱ፦ ፕላኑን የሠራልሽ መሐንዲስ አለ አይደል? ለእነዚያ ቀናት ብቻ መጥቶ እንዲያይ ክፈዪው። ከሚሸፈነው ሥራ በፊት ፎቶ አንሺና ለወንድምሽ ላኪለት፤ ገንዘቡን ሲልክ ምን ላይ እንደዋለ ይወቅ።

ጠያቂዋ፦ ሰውየውም እኮ «ሠርቼ ባትከፍይኝስ?» ሊለኝ ይችላል።

አዛውንቱ፦ ይበል፤ መብቱ ነው። ጎንደር ውስጥ ግድግዳ አቁሞ፣ ልስን ጨርሶ፣ በመጨረሻ በሩ የተቆለፈበት ግንበኛ ብዙ አለ። ቀለሙ ደበዘዘ፣ በሩ ጮኸ እያለ ሰበብ የሚፈልግ ባለቤት አለ። ከወገራና ከጃናሞራ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ቅዳሜ ማታ ገንዘባቸውን ካላገኙ ልጆቻቸው ጦማቸውን ያድራሉ። የሠራተኛን ደሞዝ ማስቀረት በያዕቆብ መልእክት ውስጥ ምን ያህል እንደተወገዘ ታውቂያለሽ። ደረጃው ተጠናቅቆ መሐንዲሱ ካየው በዚያው ቀን ክፈዪ፤ ነገ አትበዪ። የሚቀጥለው ደረጃ ገንዘብ ባንክ ውስጥ መኖሩንም አሳዪው። ገንዘቡ እንዳለ ያየ ሰው አስቀድመሽ ስጪኝ ብሎ አያስጨንቅሽም። ሠራተኞቹ ቅዳሜ መከፈላቸውንም ጠይቂ። ካልተከፈላቸው ብርሽ ሌላ ቦታ እያደረ ነው ማለት ነው።

ጠያቂዋ፦ መጨረሻ ላይ የማስቀረው ነገር ይኑር?

አዛውንቱ፦ ጥቂት፤ አምስት በመቶ ያህል። ጣሪያው አንድ ክረምት ይለፍበት። ሐምሌና ነሐሴ ያላፈሰሰ ጣሪያ ደህና ነው። ይህም በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሳይነግሩ ማስቀረት ነውር ነው።

ጠያቂዋ፦ ውሉን አምጥቻለሁ፤ ይኸው። «ቀብድ» ብሎ ነው የጻፈው።

አዛውንቱ፦ እዚህ ላይ ቁሚ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ለትንሽ ገንዘብ ይህ ደህና ነው። ግማሹ ዋጋ ቀብድ ተብሎ ከተጻፈ ግን፣ ወንድምሽ ቢታመም ወይም ገንዘቡ ቢቋረጥና ብትተዪው፣ ግማሽ ቤት አጣሽ ማለት ነው። «ቅድሚያ ክፍያ፣ ከየደረጃው ክፍያ ላይ የሚቀነስ» ተብሎ ይጻፍ። ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። ደግሞ ይኸው ሕግ ተቋራጩን ለሠራው ሥራና ለጥንካሬው ለአሥር ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ «ከርክክብ በኋላ አላውቅም» የሚል መስመር ካለ አስወጪው።

ጠያቂዋ፦ ገንዘቡን ወስዶ ቢጠፋስ? ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ?

አዛውንቱ፦ ሥራ ስለዘገየ ብቻ ፖሊስ ጋ ብትሄጂ «የፍትሐ ብሔር ነው» ብሎ ሊመልስሽ ይችላል። መጀመሪያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ትሰጪዋለሽ፤ ቀን ቆርጠሽ። ቀጥሎ ሽማግሌ፣ ካልሆነ ፍርድ ቤት። እዚያ ስትደርሺ የሚያዋጣሽ ደረሰኝና ፎቶ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዋስ ጠይቂው፤ እዚሁ ቤት ወይም ሱቅ ያለው ሰው ይፈርምለት። የጎንደር ነገሥታት እነዚያን ግንቦች ያሠሩት በማን ነው? ቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጺዎች ብዙ ድርሻ ነበራቸው፤ ነገሥታቱም መሬትና ማዕረግ ይሰጧቸው ነበር። መሬት የተሰጠው ባለሙያ ሥራውን ጥሎ ወዴት ይሄዳል? ዛሬ መሬት የሚሰጥ የለም፤ ዋሱ ነው ሰውየውን ከአገሩ ጋር የሚያስረው።

ጠያቂዋ፦ እናቴ ደባርቅ ላይ ቤት ስታሠራ ውል የሚባል ነገር አልነበረም።

አዛውንቱ፦ ጭቃ ቤት ነበራ። ባሕር ዛፉን በቁሙ ገዝታ አስቆረጠች፤ ጭቃውን ጎረቤት በደቦ መታላት፤ ጠላና እንጀራ አቀረበች። ያልመጣ ሰው በራሱ ቀን ሰው ያጣ ነበር፤ ዋሱ እሱ ነው። ለአናጺው ማገሩ ሲያልቅ ይከፈለዋል፤ ቆርቆሮው ሲመታ ቀሪውን ይቀበላል። ሥርዓቱ ያኔም ነበር፤ ወረቀት ብቻ ነው የሌለው። የከተማው ቤት ግን ሲሚንቶና ብረት ነው፤ ተቋራጩም ጎረቤትሽ አይደለም።

ጠያቂዋ፦ ክረምቱስ? ወንድሜ የሚፈራው እሱን ነው።

አዛውንቱ፦ ገና ጥቅምት ነው። በዚህ ሰሞን ሰው ያጣ ተቋራጭ አያስደንቅሽ፤ ጉልበተኛው ሁሉ ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል፤ ደጋው ደግሞ ገብሱን ሊያጭድ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሠራተኛ ይገኛል። መሠረቱ ከጥምቀት በፊት ከወጣ ጣሪያው ለግንቦት ይደርሳል። ክረምት መጣ ተብሎ የሚሰጥ ብር ክረምቱን አያዘገየውም።

ጠያቂዋ፦ በዚህ ሁሉ ባይስማማስ?

አዛውንቱ፦ ሥራህን አሳየኝ በዪው። ያለቁትን ቤቶች ያሳይሻል፤ እነሱን ተዪ። ጀምሮ ያልጨረሰውን ቤት ጠይቂና ባለቤቱን ለብቻው አነጋግሪ። ሠራተኛ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው? ስንት ከፍሏል? ሥራው የት ደርሷል? ባለቤቱ ብዙ ከፍሎ ጥቂት ካገኘ፣ ያንቺ ግማሽ ወዴት እንደሚሄድ አወቅሽ። ክፍያውና ሥራው ተቀራርቦ ካገኘሽው ደግሞ ጥሩ ሰው ነው፤ በዋጋ አታስጨንቂው።

ጠያቂዋ፦ አዘዞ ላይ የጀመረው እንዳለ ነግሮኛል።

አዛውንቱ፦ እንግዲያስ ፊርማውን ለሰኞ አስተላልፊው። ቅዳሜ ወደ ማታ፣ ሠራተኛ የሚከፈልበት ሰዓት ላይ አዘዞ ሂጂ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ውል ይዘሽ ነዪ፤ መሐንዲሱንም ጥሪው። ስለ ክፍያው ደረጃ የሚጻፈውን አብረን እንጽፋለን።