ሕፃናትን ይዞ በአውሮፕላን መጓዝ
ባልና ሚስት አስቀድመው ሊመክሩበት የሚገባ ጉዳይ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በመብረር ሥራውን ሲጀምር፣ በአውሮፕላን መሄድ ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ነገር ነበር። ዛሬ ግን ከጊንጪም ሆነ ከአምቦ ተነሥታ፣ ባለቤቷ ወዳለበት አገር ልጆቿን ይዛ የምትበር እናት አለች። በዚህ ትምህርት ሕፃን በበረራ ላይ የሚያለቅስበትን ምክንያትና ወላጆች ሊያደርጉት የሚገባውን ጥንቃቄ እንመለከታለን።

1. ሕፃኑን የሚያሳምመው ምንድን ነው?

ብዙ ወላጆች የሚሰጉት አውሮፕላኑ ሲነሣ ነው። ለእኛ ለደገኞች ግን ይበልጥ የሚያስቸግረው ሲወርድ ነው። ጊንጪ 2,200 ሜትር ያህል፣ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አውሮፕላን እጅግ ከፍ ብሎ ቢበርም፣ በውስጡ ያለው አየር አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ሆኖ ይመጠናል። ስለዚህ ሕፃኑ በበረራ ላይ የሚያገኘው አየር ከለመደው ብዙ አይለይም። እንደ ጅዳና ዱባይ ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ለማረፍ ሲወርድ ግን የአየሩ ግፊት ይጨምርና የጆሮውን ታምቡር ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቧንቧ በሕፃናት ላይ ጠባብ ስለሆነ ቶሎ አይከፈትም። ልጁ የሚያለቅሰው አመል ይዞት ሳይሆን አሞት ነው።

መዋጥ ይህን ቧንቧ ይከፍተዋል። ስለዚህ ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀር፣ ሕፃኑ ተኝቶም ቢሆን ቀስቅሳችሁ ጡት ይጥባ። ከ6 ወር በላይ ከሆነ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት። ጉንፋን የያዘው ወይም ጆሮውን የሚያመው ልጅ ከጉዞው በፊት በጤና ባለሙያ ይታይ። እንዲተኛ በማለት ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መድኃኒት መስጠት አደገኛ ነው።

2. በመቀመጫ ላይ

ከ2 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በወላጁ ጭን ላይ መጓዝ ይችላል። ሆኖም አንድ ሰው በጭኑ መያዝ የሚፈቀድለት አንድ ሕፃን ብቻ ነው። ሁለት ጨቅላ ልጆች ይዛ ብቻዋን የምትጓዝ እናት ለአንደኛው መቀመጫ ለመግዛት ትገደዳለች። አራርቆ የመውለድ ጥቅም እዚህም ላይ ይታያል።

ሕፃኑን በራሳችሁ ቀበቶ ውስጥ አታስገቡት፤ አውሮፕላኑ በድንገት ቢናጥ ክብደታችሁ ይጨፈልቀዋል። የሕፃን ቀበቶ ከአስተናጋጆቹ ጠይቁ። የኦክስጅን ጭምብል ከወረደ መጀመሪያ ለራሳችሁ አድርጉ፤ ወላጅ ራሱን ከሳተ ልጁን የሚረዳው የለም።

3. ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት

- ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ሕፃን የራሱን ፓስፖርት አውጡለት። የክትባት ካርዱንም ያዙ።
- የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ የሚጠይቁ አገሮች አሉ። ማስረጃው የሚጸናው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።
- ከተወለደ 7 ቀን ያልሞላው ሕፃን ባይበር ይመረጣል። ነፍሰ ጡር እናት ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ወረቀት ልትጠየቅ ትችላለች፤ ከ36ኛው ሳምንት በኋላ መብረር አይመከርም።
- ከጊንጪ አዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በምዕራብ በኩል ገብታችሁ ቦሌ ለመድረስ ከተማውን ማቋረጥ አለባችሁ። ለውጭ አገር በረራ ከ3 ሰዓት በፊት መገኘት ስለሚያስፈልግ፣ ሕፃን የያዘ ሰው ዋዜማውን ዘመድ ቤት ቢያድር ይሻላል።
- የሽንት ጨርቅ፣ ቅያሪ ልብስና የልጁን ምግብ በእጅ ቦርሳ ያዙ።

4. የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. እናትየዋ ብቻዋን የምትጓዝ ከሆነ እስከ ቦሌ ማን ይሸኛታል? ሲደርሱስ ማን ይቀበላቸዋል?
ለ. አብራችሁ ከሆነ ሕፃኑን ማን ይይዛል? ትልቁን ልጅና ሰነዶቹንስ?
ሐ. አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ሕፃኑን ለመቀስቀስ ሰዓቱን የሚከታተለው ማን ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች ትኬት ሳትቆርጡ በቤታችሁ ተመካከሩባቸው። ልጅን ማሳደግ የሁለታችሁም ኃላፊነት እንደ ሆነ ሁሉ፣ የጉዞው ድካምም የእናት ብቻ መሆን የለበትም።

መልካም ጉዞ!