አዲስ ቀለም በአሮጌው ቀለም ላይ

ብዙ ሰው መኪናውን ሊያስቀባ ሲነሣ የሚያስበው ስለ ቀለሙ መልክ ነው። ነገር ግን የሥራው ዋና ድካም ያለው ቀለሙ ከመረጨቱ በፊት ነው፤ አዲሱ ቀለም የሚጸናው ከሥሩ ያለው ከጸና ነውና። ደግሞም አሮጌው ቀለም ሁሉ እስከ ላሜራው መፋቅ አለበት ማለት አይደለም። ላሜራውን አጥብቆ የያዘ ቀለም ጥሩ መሠረት ይሆናል። ስለዚህ የሠራተኛው ተግባር ደኅናውን ከተበላሸው መለየት ነው፤ ይኸውም እንደሚከተለው ይፈጸማል።

1ኛ/ ማጽዳት፤ መኪናው በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። ሲደርቅም ቅባትና ሰም በሚያስለቅቅ ፈሳሽ ይጠረጋል። ይህ ሳይደረግ ቢታሽ ብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ጭረቱ ያስገባዋል፤ አዲሱም ቀለም ከቅባቱ እየሸሸ እንደ ዓሣ ዓይን ያለ ክብ ጉድጓድ ያወጣል።

2ኛ/ መመርመር፤ ያበጠና የተሰነጠቀ ስፍራ ይፈለጋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ይገፋዋል፤ ስለዚህ ትንሽ እብጠት የብዙ ዝገት ምልክት ልትሆን ትችላለች። ቀጥሎም ነጭ ጨርቅ በቲነር አርሶ በማይታይ ስፍራ መሞከር ነው። አሮጌው ቀለም ጨርቁን ካቀለመው ወይም ከተጨማደደ፥ አዲሱ ቀለም ሊያነሣው ስለሚችል በመካከላቸው የሚለይ ፕራይመር ያስፈልጋል፤ አለዚያም ይፋቃል።

3ኛ/ ማሸት፤ ዝገቱ እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቃል። የተፋቀው ቀለም ጠርዝ በ80፥ በ180፥ ከዚያም በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጣት ሲዳሰስ እስከማይታወቅ ድረስ ይታሻል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይልማል። ደኅናው ቀለም ከ320 እስከ 400 በሚደርስ ቁጥር አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ይታሻል፤ አዲሱ ቀለም የሚይዘው በነዚህ ደቃቅ ጭረቶች ነውና።

4ኛ/ መሸፈን፤ የጎደጎደው በስቱኮ ይሞላል። ስቱኮ ውሃ ስለሚመጥ በደረቁ መታሸት አለበት። የተራቆተ ብረት በክረምት እርጥበት በአንድ ሌሊት ሊዝግ ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጤና ይቀድማል። በቆየ የመኪና ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ አቧራውም ሲተነፈስ ሰውነትን ይመርዛል፥ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ሠራተኛው ለደቃቅ አቧራ የተሠራ ጭምብል ያድርግ፤ ቀለሙን በውሃ እያራሰ ቢያሽ አቧራው ይቀንሳል። በሥራ ልብሱም ወደ ቤቱ አይግባ። ሙያ ለመልመድ ጋራዥ ለሚገቡ ወጣቶች ይህን አስቀድሞ ማስተማር የአሠሪው ግዴታ ነው።

እንግዲህ መኪና የሚያስቀባ ሰው ሥራውን ሊመለከት የሚገባው ቀለሙ ሳይረጭ ነው። በተረጨበት ቀን ሁሉም ያምራል፤ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ግን ከሥር የተደበቀው ይገለጣል።